ጣሪያው ክፍት ሳለ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በደብረ ማርቆስ መንገድ ስሄድ አንገቴ ወደ ላይ ነው። የሰው ፊት አላይም፤ የማየው የቤት ክዳን ነው። ቆርቆሮው የቱ ጋ ዝጓል፣ አሸንዳው የት ላይ ተቀዷል፣ ውሃው የትኛውን ግድግዳ ይመታል፤ ይህን ሳላይ ማለፍ አልችልም። በዚህ የተነሣ ሁለት ጊዜ ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር። አንዱ ባለባጃጅ ፍሬኑን ይዞ፣ “አባባ፣ ከሰማይ ምን ጠፋብዎት?” ብሎኝ ሄደ። ያን ቀን ያነጋገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት የቅርስ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ያረጁ ቤቶችንና አብያተ ክርስቲያናትን መለካት፣ መመዝገብ፣ ከዚያም ባለቤቶቹን “ይህ ቤት ከእንግዲህ የእናንተም የአገርም ነው፤ ጠብቁት፣ አድሱት፣ ሳታስፈቅዱ ግን እንዳትነኩት” ማለት ነበር። የቅርስ አዋጁ በአጭሩ የሚለው ይህንኑ ነው። ባለቤቱ በራሱ ወጪ ይንከባከባል፤ ፈቃዱ ግን ከእኛ ይመጣል። እኛ ደግሞ ለበላዮቻችን እንጽፋለን፤ እነሱ እስኪመልሱ እንጠብቃለን። ሁሉም ሰው መጠበቅ ይችልበታል። የማይችልበት ቤቱ ብቻ ነው።

ሲሸኙኝ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ቀጠሮ ለሌለው ሰው ሰዓት መስጠትን ማን እንዳሰበው አላውቅም። ባለቤቴ ካረፈች አምስት ዓመት አልፏል። ልጆቼ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ አዲስ አበባ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው የእኔና የሰዓቱ ነው። ቀጭ ቀጭ ሲል ስላስጠላኝ ባትሪውን አውጥቼበታለሁ።

ስለ ሥራ ዘመኔ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ጊዜ ስለተረፈኝ ብቻ አይደለም። በርክክቡ ሳምንት ስምንት ዓመት ያልከፈትሁት አንድ ፋይል ከመደርደሪያው ወጣ። በውስጡ ያለው የእኔ ጥፋት ነው። እሱን ለመናገር ግን መጀመሪያ ሥራውን ያስተማሩኝን ሰው መናገር አለብኝ።

ሥራ የጀመርሁት ደጀን ነው። ከዓባይ በረሃ ሽቅብ የወጡ የጭነት መኪኖች ሞተራቸውን የሚያበርዱባት ከተማ ናት። ቢሮዬ ከመንገዱ ዳር ስለነበረ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ከእንስሳት እርባታ ተዛውረው የመጡ ደግ ሰው ነበሩ፤ ያረጀ ቤት ባሳየኋቸው ቁጥር “ይህስ መወገድ ያለበት ነው” ይሉኛል። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃኝ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሮብ ገበያ ተዛወርሁ። ብርዱ ከጮቄ ይወርዳል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቴ ደንዝዞ እርሳስ መያዝ ያቅተኝ ነበር። ጋሽ ተገኘን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጋሽ ተገኘ በትምህርት ብዙ አልገፉም። ከልጅነታቸው አናጢ ነበሩ፤ መሥሪያ ቤቱ በቴክኒሽያንነት ቀጥሯቸው ከወረዳ ወረዳ እየዞሩ የተጎዱ ቤቶችን ያያሉ። መሰላላቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ነው የሚሄዱት። ለምን ከባለቤቱ እንደማይዋሱ ብጠይቃቸው፣ “የሰው መሰላል ስትለምን፣ ሰውየው ሊያሳይህ የፈለገው ጋ ነው የሚያቆምልህ” አሉኝ። ከኋላቸው ደብተርና ሜትር ይዤ እከተላለሁ። ሕፃናት እየተከተሉን “ሌባ ሊይዙ ነው” ይሉ ነበር።

ቤት ሲያዩ ከጓዳ ይጀምራሉ። ኪሳቸው ውስጥ ወስፌ አለች፤ ጎንበስ ብለው የየምሰሶውን እግር ይወጉባታል። ወስፌዋ እምቢ ካለች እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ ሳይገፏት ከሰመጠች በስብሷል። ከዚያ ቀና ብለው ባለቤቱን፣ “ውሃው የት ይገባል? የት ይወጣል?” ይሉታል። ይህን ሳይጠይቁ ሌላ ነገር ጠይቀው አያውቁም። የምርጊት ጭቃ ሲቦካ ደግሞ ያሸታሉ። ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ እየተረገጠ ሁለት ሦስት ሳምንት ካልሰነበተ ግድግዳ ላይ ይሰነጠቃል፤ ሲደርስ ይኮመጥጣል። ዝቅ ብለው ያሸቱትና “ገና ነው” ወይም “ይበቃዋል” ብለው ይነሣሉ። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የለሰነ ሰው ካጋጠማቸው ግን ይቆጣሉ። “አፈንኸው እኮ! እርጥበቱ በየት ይውጣለት?” ይሉታል። ቁጣቸውን ወርሻለሁ። ሌላውን መውረስ አቃተኝ።

ቤተ ክርስቲያን ልንለካ ዲማ አብረን የሰነበትንባቸው ሦስት ሳምንታት የሥራ ዘመኔ ጥሩ ቀኖች ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ዙሪያውን ስንለካ አንድ ሽማግሌ የአብነት መምህር ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩናል። ትናንት የለካነውን ዛሬ ደግመን ስንለካው፣ “ምነው፣ ሌሊቱን አድጎ እንዳይሆን ጠረጠራችሁ?” አሉን። ጋሽ ተገኘ ከመሰላሉ ላይ ሆነው እስኪያስላቸው ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ከሁሉም የማልረሳው ልማዳቸው የቃል ፈቃዳቸው ነው። ለፈቃድ የተጻፈ ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ክረምቱ የሚደርስ ከመሰላቸው፣ ባለቤቱን “ነገ ጠዋት ጀምር” ይሉታል። በማግሥቱ ከሠራተኛው ቀድመው እዚያ ናቸው። በአንድ ቀን የሚከፈተው በዚያው ቀን ሊከደን የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ቆርቆሮው ተነሥቶ፣ ክዳኑን የተሸከመው የበሰበሰ ወራጅ ተለውጦ፣ የመጨረሻው ሚስማር እስኪመታ ድረስ ከስፍራው ንቅንቅ አይሉም። ምሳቸውን መሰላሉ ሥር ይበላሉ። አንድ ጊዜ አዝኜላቸው፣ “ጋሽዬ፣ እዚህ ቆመው የሚውሉት ለምንድን ነው? ሰዎቹ ይሠሩት የለም?” አልኋቸው።

“ጀምር ያልሁት እኔ ነኛ” አሉኝ። “ሰው መጥቶ ማን ፈቀደልህ ቢለው፣ ባለቤቱ ወደ ማን ይጠቁም? እዚህ መኖር አለብኝ።”

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርሁ፤ የቡድን መሪ ሆንሁ፤ ማኅተም በእጄ ገባ። ጋሽ ተገኘ አልፎ አልፎ እየመጡ አብረውኝ ይሠሩ ነበር። አብረን ከመዘገብናቸው ቤቶች አንዱ የእማማ ጥሩወርቅ ቤት ነው። እማማ ጥሩወርቅ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከአናጢ ልጃቸው ከይበልጣል ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። ቤቱ ከባላቸው አባት የወረደ ነው፤ ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ፣ ፊት ለፊቱ ከጥድ እንጨት የተሠራ ሰገነት አለው። ስንመዘግበው የሰጠናቸውን ባለማኅተም ወረቀት በመስታወት አሠርተው ከቅዱሳን ሥዕል አጠገብ ሰቀሉት። ደጃፉ ላይ የመታነውን ታፔላ ቅዳሜ ቅዳሜ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉት ነበር። ጋሽ ተገኘ ጡረታ የወጡትና ሮብ ገበያ የገቡት ያንን ቤት ከመዘገብን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው።

አንድ ዓመት በጥር ወር ይበልጣል ማመልከቻ ይዞ መጣ። የኋለኛው ክዳን ወራጆች በስብሰዋል፤ ውሃ ወደ ግድግዳው እየገባ ነው። ወጥቼ አየሁ። ወስፌ ወጋሁ፤ ሰመጠች። ለፈቃዱ የዚያኑ ቀን ጻፍሁ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፣ በሚያዝያም መልስ አልመጣም። ግንቦት ሲገባ ይበልጣል እንደገና ቢሮዬ መጣ።

“ጋሽ አያሌው፣ ደመናው እየከበደ ነው። እንጨቱንም ገዝቻለሁ። ምን ይሻለኛል?”

“ጀምር” አልሁት። “ወረቀቱ ይደርሳል።”

ጋሽ ተገኘን መሆኔ ነበር። ድምፄን ሁሉ እንደ እሳቸው አወፍሬ ነው የተናገርሁት። በማግሥቱ ግን ስብሰባ ነበረኝ፤ የሦስት ቀን ስብሰባ። መሰላሉ ሥር የሚቆም ሰው አልነበረም። ይበልጣልም ብዙ ሠራተኛ ስላገኘ የኋላውን ክዳን በሙሉ በአንድ ጊዜ አነሣው።

በሦስተኛው ቀን አዲስ የመጡት ኃላፊያችን ከስብሰባው አዳራሽ አስጠሩኝ። ሰው ደውሎላቸዋል። “የተመዘገበ ቤት ጣሪያው ተገልብጧል ይሉኛል። ፈቃድ ሰጥተሃል?” አሉኝ።

“አልሰጠሁም” አልሁ።

በወረቀት አልሰጠሁም፤ ስለዚህ ለጊዜው ውሸት አልመሰለኝም። “እንግዲያው አስቁም” አሉኝ። ያለ ፈቃድ የተጀመረው ሥራ ወዲያውኑ እንዲቆም የሚል ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ማኅተም አሳረፍሁበት፤ ራሴው ይዤ ሄድሁ። ይበልጣል ከጣሪያው ጫፍ ላይ ወራጅ እየመታ ነበር። እናቱ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብሁት።

“ጀምር ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?” አለኝ ከላይ ሆኖ።

“በወረቀት አለህ?”

መዶሻውን አስቀምጦ አየኝ። እኔ ያየሁት መሬት መሬቱን ነው። “የለኝም” አለ። “ይሁን። ከድኜ ልውረድ። ሁለት ቀን ይበቃኛል።”

“ወዲያውኑ ነው የሚለው” አልሁት።

አዋጁ አስፈቅዱ ይላል እንጂ የተከፈተ ጣሪያ ክፍት ይደር አይልም። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። ከድነህ ውረድ ብዬው ቢሆን ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ግን ሁለት ቀን ከተሠራበት ይበልጣል ለኃላፊው ይናገራል፣ ቃሌ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ሸራ አለበሱት። ነፋሱ ሸራውን በሳምንቱ ቀደደው፤ ሌላ አለበሱ፤ እሱንም ቀደደው። የዚያ ዓመት ዝናብ ቀድሞ ገባ። ጭቃው ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ በሰኔ አጋማሽ አንድ ጠዋት የኋለኛው ግድግዳ ተንሸራቶ ወረደ፤ ፎቁንም ይዞት ወረደ። እማማ ጥሩወርቅ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ይበልጣል ውጭ ነበር። ሰው ባለመጎዳቱ አምላክን አመሰግናለሁ። ሲነግሩኝ ሮጬ ሄጄ አየሁት፤ ሰገነቱ ብቻውን በሁለት ምሰሶ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ታፔላው ከበሩ ላይ አለ።

ሪፖርቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። “የባለይዞታዋ ልጅ ያለ ፈቃድ ጣሪያውን በመክፈቱና ከባድ ዝናብ በመጣሉ” ይላል። ግልባጩ ለእማማ ጥሩወርቅ ደረሳቸው። በነሐሴ ፈቃዱ ከላይ መጣ፤ ዕድሳቱ እንዲካሄድ ተፈቅዷል የሚል አጭር ደብዳቤ ነው። ከሪፖርቱ ሥር አድርጌ ፋይሉን ዘጋሁት።

ጋሽ ተገኘ ሰምተው ከሮብ ገበያ መጡ። መሰላል አልያዙም። ፍርስራሹን ዙሪያውን ዞረው አዩት፤ አንድ የወደቀ ወራጅ በወስፌያቸው ወጉ። አዲሱ እንጨት ስለነበር አልገባችም።

“ስታስቆመው ክፍት ነበር?” አሉኝ።

“አዎ።”

“ጀምር ያለውስ ማን ነው?”

ምሳ ልጋብዝዎ ብላቸው መኪና ያመልጠኛል አሉኝ። መኪናው የሚነሣው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቢሮዬን አልረገጡም። በሁለተኛው ዓመት ሲሞቱ ለቀብር ሄጄ ከኋላ ቆምሁ። ልጆቻቸው አላወቁኝም፤ ራሴንም አላስተዋወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ለማንም ቃል ሰጥቼ አላውቅም። “ጠብቁ፣ ይመጣል” የምል ሰው ሆንሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ጥንቁቅ ነው ይሉኝ ነበር። ከተማው ውስጥ ሳያስፈቅዱ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ክዳናቸውን የለወጡ ሰዎች ቤት ዛሬም ቆሟል። እኔን አምኖ የጠየቀኝ ሰው ቤት ነው የወደቀው። ይህን በልቤ ይዤ በዚያ ሰፈር ላለማለፍ መንገድ እየቀየርሁ ስምንት ዓመት ኖርሁ። ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግራት አረፈች።

በርክክቡ ሳምንት የእኔን ቦታ የተረከበችው ወጣት ባለሙያ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ታነባለች። የእማማ ጥሩወርቅ ቤት ፋይል ላይ ስትደርስ ቀና ብላ፣ “ጋሼ፣ ይህ ፈቃድ የመጣው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ለባለቤቶቹ ደርሷቸዋል?”

“አልደረሳቸውም።”

ሌላ ጥያቄ ሳትጠይቀኝ ወደሚቀጥለው ፋይል አለፈች። በሳምንቱ ደጀን ሄድሁ። እማማ ጥሩወርቅ ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ ደጀን ያለችው ልጃቸው ዘንድ እንደገቡ አውቅ ነበር። ልጃቸው ትሁኔ ለሾፌሮች ምግብ ትሸጣለች፤ እናቷን ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል አስቀምጣቸዋለች። ዓይናቸው ደክሟል። በድምፄ ግን አወቁኝ። የቤቱ ምዝገባ ወረቀት ከነመስታወቱ ከራስጌያቸው ተሰቅሏል።

ጤናቸውን ጠየቅሁ፤ እሳቸውም ልጆቼን ጠየቁኝ። ባለቤቴ እንዳረፈች ስነግራቸው “ነፍስ ይማር” አሉ። ዙሪያ ጥምጥም ብሄድ መናገሩ እንደሚያቅተኝ ገባኝ።

“እማማ፣ ይበልጣል እውነቱን ነበር” አልኋቸው። “ጀምር ያልሁት እኔ ነኝ።”

ከምግብ ቤቱ የሾፌሮች ሳቅ ይሰማል።

“በሥላሴ ስም ምሎልኝ ነበር” አሉ። “ሰውየው ራሱ ነው ጀምር ያለኝ እያለ። አንተ ስታነብ ቆሜ እየሰማሁ ነበር። እሱ ሲናገርም ሰምቻለሁ። ኋላ ያን ወረቀት አምጥተው ሲያነቡልኝ ምን አልሁት? የመንግሥት ማኅተም ይዋሻል እንዴ አልሁት። የአባትህን ቤት አፍርሰህ ደግሞ ሰው ላይ ታላክካለህ፣ ከፊቴ ዞር በል አልሁት። ዞር አለ። ብቸና ነው ይሉኛል። ለፋሲካ ለእኅቱ ይደውላል። እሱ ስለ እኔ አይጠይቃት፣ እኔም አገናኙኝ አልል።”

“ይቅር ይበሉኝ” አልሁ።

“እሱ ይቆይ። በል አሁን ይህንኑ ጻፍልኝ።”

ትሁኔ ከሒሳብ ደብተሯ አንድ ገጽ ቀድዳ ሰጠችኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ እንደዚያ አጭርና እንደዚያ ከባድ ጽፌ አላውቅም። አነበብሁላቸው፤ ስሜን አስፍሬ ፈረምሁ። እማማ ጥሩወርቅ ወረቀቱን ተቀብለው ግርጌውን በጣታቸው ዳበሱት።

“ማኅተሙስ?”

“ጡረታ ወጥቻለሁ፣ እማማ። ማኅተሙን አስረክቤአለሁ።”

“ታዲያ በምን ያምነኛል?” አሉ። እየቀለዱ አልነበረም። ወረቀቱን ቆይተው መልሰው ሰጡኝ። “ራስህ ያዝለት። እናትህ አምናሃለች በለው።”

ደጀን አድሬ በማግሥቱ የብቸናውን መኪና ተሳፈርሁ። አናጢው ይበልጣል ስል አንድ ባለሱቅ በጣቱ አሳየኝ። በቆርቆሮ ዳስ ሥር የመስኮት ፍሬም በመላጊያ እየላገ አገኘሁት። ጺሙ ሸብቷል። ወዲያው አወቀኝ፤ ተቀመጥ አላለኝም። ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፤ እንደገና አነበበው፤ አጥፎ መለሰልኝ።

“ይኸ ለእኔ አዲስ አይደለም” አለ። “እናቴ አመነችኝ?”

“አመነችህ።”

“መቼ?”

“ትናንት” አልሁት።